ቤት ውስጥ ለሚነዳ ብስክሌት የቱን መቁጠሪያ እንግዛ?

አንድ ሰው ደህና ገንዘብ አውጥቶ የብስክሌት ኮምፒውተር ያስመጣል። ክረምት ነው፣ ደሴ ጉም ለብሳለች። ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ መቆሚያ ላይ ሰቅሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ይነዳል። ላቡ ወለሉን አርሶታል። ቀና ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ፍጥነት 0፣ ርቀት 0። ወዲያው ስልኩን ያነሳና ሻጩ ላይ ይጮኻል፦ «ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ!»

ዕቃው ግን ደህና ነው። ብስክሌቱ ከሳሎን አልወጣም፤ ዕቃውም ያንኑ ነው የተናገረው። ችግሩ ለመንገድ የተሠራ ዕቃ ለቤት መገዛቱ ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ብስክሌት መንዳት ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስለዋል። ደሴን የሚያውቅ ግን አይፈርድም። ከፒያሳ በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ ካላችሁ ሀረጎ አለ፤ ጠመዝማዛው፣ ከባድ መኪናው፣ በክረምት ደግሞ ጉሙ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው ቢባልም የቀትሩን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ መንዳቱ ያስኬዳል። የሚገዛው ዕቃ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል።

መጀመሪያ፣ ስለ ምንድን ነው የምናወራው?

ትሬነር የሚባለው የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ከመሬት አንስቶ የሚይዝ መቆሚያ ነው። ጎማው ከበሮ በመሰለች ትንሽ ብረት ላይ ይዞራል፤ ብረቷ ትከብዳለች፣ እናንተ ትለፋላችሁ።

የብስክሌት ኮምፒውተር መሪው ላይ የምትታሰር ትንሽ ስክሪን ናት። ፍጥነት፣ ርቀትና ሰዓት ታሳያለች። ከፍ ያሉት የፔዳል ዙርና የልብ ምትም ይጨምራሉ።

የልብ ምት መቁጠሪያ ደግሞ ልባችሁ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትመታ ያሳያል። ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ወይም እጅ ላይ የሚደረግ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሴንሰር የምንለው አንድን ነገር ለክቶ ቁጥሩን የሚልክ ቁራጭ ዕቃ ነው። ስክሪኗ ራሷ ብዙ ጊዜ ምንም አትለካም፤ ሴንሰሩ የላከላትን ነው የምታሳየው። ይህን ልብ ካላችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ቀላል ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው ዜሮ የሚለው?

ፍጥነት የሚለካው በሦስት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ጂፒኤስ ነው። ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ያላችሁበትን ቦታ ያውቃል። ቦታችሁ ሲቀየር ፍጥነታችሁን ያሰላል። ሳሎን ውስጥ ቦታ አይቀየርም፤ በዚያ ላይ ጣሪያ ምልክቱን ያዳክመዋል። ለቤት ብቻ የሚነዳ ሰው ለጂፒኤስ የሚከፍለው ብር በከንቱ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው የድሮው የማግኔት ዘዴ ነው። ጎማው ሽቦ ላይ ትንሽ ማግኔት ይታሰራል፣ ሴንሰሩ ደግሞ ጎማውን በያዘው ብረት ላይ። ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ይቆጠራል። ዕቃው የጎማውን ዙሪያ ስለሚያውቅ ያባዛል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ሆኖ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 6.3 ሜትር ነው፤ በሰዓት ወደ 22.7 ኪሎ ሜትር። አሠራሩ ይኸው ነው።

ግን ይህም ቤት ውስጥ ጣጣ አለው። ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው የፊት ጎማ ላይ ነው። ትሬነር ላይ የፊት ጎማ አይዞርም። እሺ፣ ወደ ኋላ እናዙረው ስትሉ ሴንሰሩን ከስክሪኗ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ያጥራል። ሽቦ አልባ ነው ያላችሁትም ቢሆን፣ ርካሾቹ ምልክታቸው የሚደርሰው ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከኋላ ጎማ እስከ መሪው ያለው ርቀት ከዚያ ይበልጣል። ዜሮ እንደገና።

መላ አለው። ስክሪኗን ከመሪው ፈትታችሁ ከኮርቻው ፊት ባለው ብረት ላይ እሰሯት። አያምርም፤ ይሠራል። ወይም ለኋላ ጎማ ተብሎ የተሠራ ረጅም ሽቦ ያለው ፈልጉ። ማግኔቱና ሴንሰሩ ደግሞ ሳይነካኩ በጣም መቀራረብ አለባቸው፤ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይኑር። «ተበላሸ» ከሚባሉት ብዙዎቹ እዚህች ጋ ነው ነገሩ፤ ማግኔቷ ተንሸራታ ርቃለች።

ሦስተኛው ማግኔት የማያስፈልገው ነው። ጎማው መሀል ላይ፣ የሚዞረው ወፍራም ክፍል ላይ በላስቲክ ይጠመጠማል። አብሮ ሲዞር ራሱ ይቆጥራል፣ ከዚያ በብሉቱዝ ይልካል። ጥቂት ሜትሮች ድረስ ስለሚደርስ የኋላ ጎማ ችግር አይሆንበትም። ለቤት ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

የጎማ ዙሪያ አስገባ ይለኛል፤ ከየት ላምጣ?

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አለ። ጎማችሁ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ማዛመድ ነው። 700 በ23 የሚለው ቀጭን ጎማ 2096 ሚሊ ሜትር ይሰጠዋል። 26 በ1.95 የሚለው ወፍራም ጎማ 2050።

ወረቀቱ ከጠፋ ጎማው ላይና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ በቀስታ ወደፊት ሂዱ። ምልክቱ እንደገና ወለል ሲነካ እዚያም ጠመኔ ጫር አድርጉና በሜትር ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልቅ ሁለት ጊዜ መዘርጋቱ አይቀርም። መቀመጣችሁ ይጠቅማል፤ ክብደታችሁ ጎማውን ትንሽ ስለሚያጎብጠው።

ብትሳሳቱም ሰማይ አይደፋም። 2050 የሆነውን 2096 ብትሉት 30 ኪሎ ሜትሩ 30.7 ሆኖ ይታያል። በነፃ 700 ሜትር ተመረቀላችሁ።

ፍጥነቱን ካሳየ በቃ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ፍጥነት ምንም ያህል አይነግራችሁም።

አይሱዙ ጭኖ ከኮምቦልቻ ሀረጎን ሲወጣ አስቡት። ፍጥነት መለኪያው 20 ላይ ነው፣ ሞተሩ ግን እሪ ይላል። ያው መኪና ሲመለስ 50 እየሄደ ሞተሩ ዝም። መኪናው ምን ያህል እንደለፋ ማወቅ የፈለገ ሞተሩን ነው የሚያዳምጠው። የእናንተ ሞተር ልባችሁ ናት።

ትሬነር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ትናንት ጎማውን ነፍታችሁት ነበር፣ ዛሬ ትንሽ ጎድሏል። ወይም ከበሮዋን የምታጠብቀውን ቡሎን ዛሬ ግማሽ ዙር አጥብቃችኋታል። ትናንት በቀላሉ 28 የነዳችሁ ሰዎች ዛሬ በ24 ታለከልካላችሁ። ጉልበታችሁ አልቀነሰም፤ ብረቷ ነች የከበደችው። የጎረቤታችሁ 35 ከእናንተ 25 ጋር ሊወዳደር የማይችለውም ለዚህ ነው። ነፋስ የለም፣ ዳገት የለም፣ ትሬነሩም የየራሱ ነው።

ከፍጥነት ይልቅ ቤት ውስጥ የሚጠቅመው ሌላው ቁጥር ካደንስ ይባላል። ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከባድ ማርሽ መርጦ በ60 ገደማ ይረግጣል፣ ጉልበቱንም ያሳምማል። የለመዱት ከ80 እስከ 100 ያዞራሉ። ይህን ለማየት ፔዳሉን በያዘው ክንድ ላይ የምትታሰር ትንሽ ሴንሰር ትበቃለች።

ዋት የሚባልም አለ። ፔዳሉ ላይ የምታሳርፉትን ኃይል ራሱን ይለካል። ከሁሉ የታመነው እሱ ነው፤ ከሁሉ ውዱም እሱ ነው። ውድድር ለማያስብ ሰው አላስፈላጊ ወጪ ነው፤ እለፉት።

ልቤ ስንት እንደመታች ዕቃው በምን ያውቃል?

ልብ በመታች ቁጥር በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ታመነጫለች። ምልክቱ እስከ ቆዳ ይደርሳል። ሐኪም ቤት ደረታችሁ ላይ ሽቦ ለጥፈው የሚያነሱት የኢሲጂ ወረቀት ያንኑ ነው የሚያሳየው። የደረት ቀበቶውም ከውስጥ በኩል ባሉት ሁለት ለስላሳ ንጣፎች ይህንኑ ምልክት ያነባል። ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሽቦ አልባ የልብ ምት መቁጠሪያ ለስፖርተኞች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበቶው አነሰ፣ ለሰሰ፤ መሠረቱ ግን አልተቀየረም።

የእጅ ሰዓቱ ሌላ መንገድ ይጠቀማል። ገልብጣችሁ ብታዩት አረንጓዴ መብራት ያበራል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብ ስትመታ ከቆዳ ሥር ያለው ደም ይበዛል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ያንን ብልጭታ ይቆጥራል።

ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ብስክሌት ላይ ግን ሰዓቱ ይቸገራል። መሪውን ጨብጣችሁ አንጓችሁን ስታጥፉ ሰዓቱ ከቆዳው ይነሳል፣ ብርሃን ይገባዋል። የደሴ የጠዋት ብርድም አለ፤ እጅ ሲቀዘቅዝ ደም ከቆዳ ይሸሻል፣ ሰዓቱም የሚያየው ያጣል። አንጓ ላይ ንቅሳት ያለበት ሰውም ቀለሙ ብርሃኑን ሊጋርድበት ይችላል። ሰዓት ካላችሁና ሌላ መግዛት ካልፈለጋችሁ ከአንጓው ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ክንድ ላይ የሚታሰር የመብራት ዓይነትም አለ፤ ከአንጓ ሰዓት ይሻላል።

ለእኔ ግን የደረት ቀበቶ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ትፈልጋለች፦ ውኃ። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ሁለቱን ንጣፎች በጣታችሁ ውኃ ቀብታችሁ፣ ከጡት በታች ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ያለ ውኃ ካሰራችሁት እስኪያልባችሁ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አንዴ 45፣ አንዴ 210 እያለ ያስደነግጣችኋል። አብሽሩ፣ ልባችሁ ደህና ናት።

ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው ጥሩ?

የተለመደው ስሌት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው፤ ልብ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ከፍተኛው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ የዕድሜን 70 በመቶ ከ208 ቀንሱ ይላል። የ40 ዓመት ሰው በሁለቱም 180 ያገኛል። የ60 ዓመት ሰው ግን በመጀመሪያው 160፣ በሁለተኛው 166። ሁለቱም አማካይ ናቸው። አንድ ሰው ከስሌቱ በ10 ምት ወደ ላይም ወደ ታችም ቢርቅ ምንም አይገርምም። እንደ ሕግ አትያዙት።

የተሻለው የዕረፍት ምትን ማስገባት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ፣ ቡናም ሳይቀርብ ለኩት። ከፍተኛው 180፣ የዕረፍቱ 60 የሆነ ሰው በመካከል 120 ምት አለው። የዚያን 60 በመቶ፣ ማለትም 72፣ በ60 ላይ ቢደምር 132 ይመጣል። 70 በመቶውን ካደረገ 144። ለረጅምና ቀላል ልምምድ ከ132 እስከ 144 ያለው ጥሩ ቦታ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም።

ቁጥሩ የሚዋዥቅባቸውን ነገሮች እወቁ። አንደኛው ሙቀት ነው። መንገድ ላይ ነፋሱ ያቀዘቅዛችኋል፤ ሳሎን ውስጥ ነፋስ የለም። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ልብ ትቸኩላለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያው ጉልበት ምቱ 10 እና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ከፊታችሁ ቬንትሌተር ይኑር፤ መብራት ከጠፋ መስኮትና በር ክፈቱ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚያ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከታች መጥቶ ደሴ የሚነዳ ሰው በዚያው ጉልበት ምቱ ከፍ ቢልበት አይደንቅም። ደሴ ለምዶ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ደግሞ ሙቀቱ ይጠብቀዋል።

በጾም ወቅት፣ በረመዳንም ሆነ በሌላው፣ ውኃ ሳይጠጡ መንዳት ምቱን ያንረዋል። ከኢፍጣር በኋላ፣ ምግቡ ረጋ ሲል ይሻላል። ጫት የሚቅም ሰው ካለ በግልጽ ልናገር፦ ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ይጨምራል። ከበርጫ ተነስቶ ብስክሌት ላይ መውጣት ልብን ሁለት ሥራ በአንዴ ማሸከም ነው።

እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ምታቸው በመድኃኒቱ ስለሚያዝ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራላቸውም። ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ቀበቶው ሐኪም አይደለም። ደረት ከጨነቀ ወይም ካዞራችሁ፣ ስክሪኑ የፈለገውን ቢል ውረዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልብ ወዲያው አትመልስም። ለ20 ሰከንድ በኃይል ብትረግጡ ቁጥሩ የሚወጣው እናንተ ካቆማችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ለአጭር ፈጣን ልምምድ የልብ ምትን አትጠብቁ፤ ካደንስን እዩ።

ሳጥኑ ላይ አንት ፕላስ፣ ብሉቱዝ ይላል፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሁለቱም ቁጥሩን ከሴንሰሩ ወደ ስክሪኑ የሚያደርሱ የሬዲዮ ቋንቋዎች ናቸው። ስክሪኑ የሴንሰሩን ቋንቋ ካልሰማ ሁለቱም ውድ ቢሆኑም አይግባቡም። አንት ፕላስ በብስክሌት ኮምፒውተሮች የተለመደ ነው፤ አንድ ቀበቶ ለብዙ ስክሪን በአንዴ ይልካል። ብሉቱዝ ሁሉም ስማርት ስልክ ላይ አለ። አይፎን አንት ፕላስ አይቀበልም፤ አብዛኞቹ ሌሎች ስልኮችም አይቀበሉም። አሁን ብዙ ቀበቶዎች ሁለቱንም ይችላሉ። አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ብሉቱዙን ምረጡ።

አሮጌዎቹ ቀበቶዎች 5 ኪሎ ኸርዝ በሚባል ሌላ ምልክት ይሠራሉ። ጂም ውስጥ ያሉ የድሮ መሮጫ ማሽኖች ይቀበሏቸዋል። ስልክ ግን አይሰማቸውም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲነዳ የአንዱ ምት የሌላው ስክሪን ላይ ሊታይ ይችላል። የቬንትሌተር ሞተርም ይረብሻቸዋል። ርካሽ ነው ብላችሁ ስትገዙ ይህን አስቡ።

ስልኬ አይበቃኝም ወይ?

ለቤት? ይበቃል። ብሉቱዝ ያለው የደረት ቀበቶ ግዙ፣ የልብ ምት የሚያሳይ ነፃ መተግበሪያ ጫኑ፣ ስልኩን ከፊታችሁ አቁሙት። አለቀ። ኢንተርኔት ባይኖር፣ መብራት ቢጠፋ ቀበቶው ግድ የለውም። ትንሽ ሲተርፋችሁ የካደንስ ሴንሰሯን ጨምሩ። የብስክሌት ኮምፒውተሩን የምመክረው ውጭም ለሚነዳ፣ ወይም ስልኩን ላብ እንዳይነካበት ለሚፈልግ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚጀምር ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ስልክ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ቀበቶውን ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከብሉቱዝ ዝርዝር መፈለግ። ብዙ ጊዜ እዚያ አይታይም፤ ቢታይም እዚያ ማገናኘቱ አይጠቅምም። ብሉቱዙን አብሩ፣ ከዚያ መተግበሪያው ውስጥ ገብታችሁ እዚያው ፈልጉት።

ሱቅ ስገባ ምን ልይ?

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ሁሉም ይላል። እናንተ ሞክሩ። ቀበቶው ሰው ካልነካው አይነቃም፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስልክ ላይ ባይታይ «ሞቷል» አትበሉ። ሱቅ ውስጥ ሸሚዝ ማውለቅም አያስፈልግም። ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን በውኃ አርሱና አንዱን በአንዱ ንጣፍ፣ ሌላውን በሌላው ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ቁጥር መምጣት አለበት። ሌላ ሰው አንጓችሁን ይዞ 15 ሰከንድ ይቁጠርና በ4 ያባዛ። ስክሪኑ ካሳየው ጋር በሁለት ሦስት ምት ውስጥ ከተቀራረበ ዕቃው ይሠራል።

ባትሪውን ጠይቁ። አብዛኛው ቀበቶ ሲአር 2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ይወስዳል። 20 ስፋቷ በሚሊ ሜትር ነው፣ 32 ደግሞ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የመኪና ሪሞት ውስጥም የምትገባ ስለሆነች ሰዓት ሠሪዎች ጋ ትገኛለች። እንግዳ ባትሪ የሚፈልግ ዕቃ ከሆነ ሲያልቅበት አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሊመጣ ነው። የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁም እዩ፤ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ላብ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት የያዘውን ተዉት።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ፣ ነድታችሁ ስትጨርሱ ባትሪዋን የያዘችውን የሴንሰር ቁራጭ ከቀበቶው ጨርቅ ፈልቅቁ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ተጣብቃ ካደረች አሁንም ደረት ላይ ያለች እየመሰላት ባትሪዋን ትጨርሳለች። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁና ጥላ ላይ ስጡት።